ውለታዬን በማግስቱ በገንዘብ መለሰልኝ፣ ለምን ከፋኝ?

ዝናብ_ወዳድ — እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡10

ሰላም ለዚህ ቤት። አንድ ነገር ሳምንቱን ሙሉ ሲከነክነኝ ከረመ፣ እናንተ ዘንድ ላምጣው ብዬ ነው።

ከ15 ዓመት በላይ የማውቀው ጓደኛ አለኝ። እናቱ ታመው ሆስፒታል ገቡ። እሱ ለሥራ ርቆ ስለነበር እስኪመለስ ሦስት ሌሊት አብሬያቸው አደርኩ። ትልቅ ነገር አደረግኩ ለማለት አይደለም። ፕላስቲክ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ አነጋሁ፣ ውሃ አቀበልኩ፣ ግሉኮሱ ሲያልቅ ነርስ ጠራሁ። እንቅልፍ እምቢ ሲላቸው ደግሞ የልጃቸውን የልጅነት ጉድ ያጫውቱኝ ነበር። እንዲያውም ስቄ ነው ያደርኩት።

በአራተኛው ቀን ጓደኛዬ መጣ። ተቃቀፍን። ወደ ቤቴ ሄጄ፣ ታጥቤ፣ ጋደም እንዳልኩ ስልኬ ጮኸ። የባንክ መልእክት ነው። ገንዘብ ልኮልኛል፣ ደህና ገንዘብ። «ምክንያት» በሚለው ቦታ ላይ «ለድካምህ» ብሎ ጽፏል።

ለድካምህ!

ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩት። ቅር አለኝ፣ ግን ለምን ብባል መልስ የለኝም። ሰው ካልመለሰ ውለታ ቢስ እንለዋለን። ሲመልስ ደግሞ እናኮርፋለን? ባለቤቴ «አታካብድ፣ እንኳን ላከ» ትላለች። ገንዘቡን አልነካሁትም፣ አልመለስኩትምም። እሱም አልደወለም፣ እኔም አልደወልኩም። ምን ትላላችሁ?

ደረቅ_እውነት — እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡26

ገንዘቡ ከከበደህ ወደ እኔ ላከው፣ እኔ አልከፋም።

አሁን የምሬን ልናገር። አንተ የሚመልስ ሰው አግኝተህ ነው የምታማርረው። እኔ አንድ የሥራ ባልደረባ ነበረኝ። ልጄ አተኮሰው፣ መኪናዬ ቆመች፣ አማቴ መጡ እያለ ሁለት ዓመት ሙሉ የሌሊት ተራውን ሸፈንኩለት። አንድ ቀን እኔ «ተራዬን ያዝልኝ» አልኩት። «ውይ፣ ዛሬን እንኳ አይመቸኝም» አለኝ። ዛሬን እንኳ! ከዚያ ወዲህ የማምነው እጅ በእጅ ብቻ ነው።

ሰማያዊ_ጃንጥላ — እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡48

ለደረቅ_እውነት፦ የአንተ ቁስል ሌላ፣ የእሱ ሌላ። አንተን ያቆሰለህ ያልተመለሰ ውለታ ነው። እሱን ያቆሰለው ቶሎ የተመለሰ ውለታ።

ሰው ደግ ሲሠራልን «ብድር መላሽ ያድርገኝ» እንላለን። መቼ? በምን? አንናገርም። ክፍት እንተወዋለን። ክፍት መሆኑ እኮ ነው አስሮ የሚያቆየን። ጓደኛህ በማግስቱ «ይኸው፣ ተጨራረስን» ያለህ ነው የሚመስለው። ዕቃ ገዝቶ፣ ከፍሎ፣ መልሱን ተቀብሎ እንደሚወጣ ሰው። ሂሳቡ ሲያልቅ ትውውቁም አለቀ።

ይህ ስሜት ያንተ ብቻ እንዳይመስልህ። ማርጋሬት ክላርክ እና ጀድሰን ሚልስ የሚባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1979 በሙከራ አይተውታል። ወንድ ተማሪዎች አንዲትን ሴት ይረዳሉ፣ እሷ ትመልሳለች ወይም አትመልስም። ልትቀርበኝ ትችላለች ብለው የጠበቁት ወዲያው ብድሯን ስትመልስ ቀዘቀዘችባቸው። እንደማያገኟት የሚያውቁት ግን ስትመልስ ይበልጥ ወደዷት። ያው አንድ ድርጊት ነው፣ ልዩነቱ የተስፋ ጉዳይ ነው። አንተ ከጓደኛህ የምትጠብቀው የቅርብ ሰውነትን ስለሆነ ነው ገንዘቡ የበረደብህ።

ለማጅ — እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡55

የምለው የለኝም፣ ልከታተል ብዬ ነው።

ጡረተኛው_መምህር — እሑድ፣ ከምሽቱ 4፡31

ልጆቼ፣ ሰማያዊ ጃንጥላ ጥሩ ብላለች። እኔ ትንሽ ወደ ኋላ ልውሰዳችሁ።

ማርሴል ሞስ የሚባል ፈረንሳዊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1925 ስለ ስጦታ አንድ ረጅም ጥናት አወጣ። ስጦታ በፈቃድ የሚሰጥ ይመስላል፣ ውስጡ ግን ሦስት ግዴታ አለ አለ። መስጠት፣ መቀበልና መመለስ። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ መጀመሪያውና ስለ መጨረሻው ነው። እኔን የሚገርመኝ መካከለኛው ነው። መቀበልም ግዴታ ነው! አልቀበልም ማለት አላውቅህም ማለት ነውና። ዝናብ ወዳድ፣ ጓደኛህ ውለታህን መለሰ ትላለህ። እኔ ግን ገና አልተቀበለውም እላለሁ። እጁ ላይ ሳይቆይ ነው የወረወረው።

ሌላው ብሮኒስላቭ ማሊኖቭስኪ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከኒው ጊኒ በስተምሥራቅ ባሉት የትሮብሪያንድ ደሴቶች ከሰዎቹ ጋር ኖሮ አጠና። እዚያ ኩላ የሚባል ልውውጥ አለ። ከቀይ ዛጎል የተሠራ የአንገት ጌጥ ደሴቶቹን በአንድ አቅጣጫ ይዞራል። ከነጭ ዛጎል የተሠራ አምባር ደግሞ በተቃራኒው ይዞራል። ሰዎቹ በታንኳ ክፍት ባሕር አቋርጠው ያደርሱታል፣ ይቀበሉታል። ጌጡን ብዙ ጊዜ ማንም አያደርገውም፣ ለማንም ለዘለቄታው አይሆንም። እጅህ ላይ ጥቂት ይቆያል፣ ከዚያ ታሳልፈዋለህ። ይዞ የሚቀር ሰው ስሙ ይጠፋል። የመልሱን መጠን የሚወስነው መላሹ ነው፣ ተከራክሮ ማስጨመር ነውር ነው። እነዚያው ሰዎች ግን በዚያው ጉዞ ላይ ለዕለት ፍጆታ የሚሆን ዕቃ ሲለዋወጡ እንደ ጉድ ይከራከራሉ። ሁለቱን ለይተው ያውቃሉ ማለት ነው። እኛ ነን የምንደባልቀው።

አንድ ነገር ልጨምርና ልተኛ። «ጊፍት» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ ስጦታ ነው፣ በጀርመንኛ መርዝ። ሥሩ አንድ ነው። ሞስም ይህን አንስቶታል።

ደረቅ_እውነት — እሑድ፣ ከምሽቱ 4፡40

መርዝ የሚለው ላይ ተስማምተናል፣ መምህር። ነገ እመለስበታለሁ።

ቁጥር_ወዳድ — ሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡15

የኔ መንገድ ሌላ ነው፣ ግን እዚያው ያደርሳል።

ሮበርት አክስልሮድ የሚባል የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1980 አካባቢ የኮምፒውተር ውድድር አዘጋጀ። ሁለት ሁለት ሆነው ይጋጠማሉ። በየዙሩ ወይ ትተባበራለህ ወይ ትከዳለህ። ሁለቱም ቢተባበሩ ለሁለቱም ደህና ነጥብ አለ። አንዱ ሲከዳ ሌላው ከተባበረ ከጂው ዝቆ ይሄዳል። ሁለቱም ከከዱ ሁለቱም ቁልጭ ብለው ይቀራሉ። በመጀመሪያው ውድድር 14 ሰዎች ፕሮግራም ላኩ። አንዳንዱ ተንኮሉ አያድርስ። ያሸነፈው ግን አናቶል ራፖፖርት የላከው፣ ከሁሉም አጭሩ ነበር። በመጀመሪያ ተባበር፣ ከዚያ ሌላው ባለፈው ዙር ያደረገውን መልሰህ አድርግ። አለቀ። በእኛ ቋንቋ እከክልኝ ልከክልህ በሉት። በሁለተኛው ውድድር 62 ተሳታፊዎች ይህን አውቀው ሊረቱት መጡ። አሁንም እሱ አሸነፈ።

የሚደንቀኝ፣ ይህ ፕሮግራም አንድንም ተጋጣሚ በነጥብ በልጦ አያውቅም። ሊበልጥም አይችልም። ወይ እኩል ይወጣል ወይ ትንሽ ይበለጣል። ያሸነፈው ከብዙዎች ጋር በደህና ስለኖረ ነው።

አንድ ደካማ ጎን አለው፣ ዝናብ ወዳድን የሚመለከተው እሱ ነው። ሁለት እንዲህ ዓይነት ተጫዋቾች ይገናኙና አንዱ የሌላውን እርምጃ በስህተት እንደ ክህደት ያንብበው እንበል። ይመልሳል። ያም ይመልሳል። ከዚያ ወዲያ መዳኛ የለም፣ ማን እንደጀመረው እንኳ ሳይታወቅ ዝንታለሙን ይቀጣጣሉ። ስህተት ባለበት ዓለም የሚሻለው አልፎ አልፎ እንዳላየ የሚያልፈው ነው። «እሱም አልደወለም፣ እኔም አልደወልኩም» ያልከው ቁጭ ይኸው ነው።

ሌሊት_ወፍ — ሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡44

ስለ ስሜ ክብር ስል ልናገር።

ጄራልድ ዊልኪንሰን እ.ኤ.አ. በ1984 በኮስታሪካ ስላሉ ደም መጣጭ የሌሊት ወፎች አንድ ጥናት አሳተመ። እነዚህ ፍጥረታት ሦስት ሌሊት ያህል ምግብ ካጡ ይሞታሉ። የቀናት ስንቅ የሚይዝ ሰውነት የላቸውም። ባዶ ሆዱን የተመለሰውን፣ ጠግቦ የመጣው ደም ወደ አፉ መልሶ ያጎርሰዋል። ዘመድ ላልሆነም ይሰጣሉ፣ ግን ለሚተዋወቁት።

ከዚህ የምወደው ግን እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ነው። ከተለያየ ቦታ የመጡ፣ ፈጽሞ የማይተዋወቁ ወፎችን አንድ ላይ አስቀመጧቸው። መጀመሪያ ላይ ማንም ለማንም ደም አይሰጥም። መጀመሪያ ጠጉር መላላስ ነው። ርካሽ ነገር ነው፣ አያከስርም። ቆይተው፣ ሲተማመኑ፣ ጥቂቶቹ ደም መስጠት ጀመሩ። እኛስ ከዚህ ምን ለየን? መጀመሪያ እስክሪብቶ ትዋሳለህ፣ ከዚያ መጽሐፍ፣ ከዚያ መኪና፣ መጨረሻ ላይ እናቴን ታስታምምልኛለህ።

ለማጅ — ሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡50

እስክሪብቶዬን ግን ማንም አልመለሰልኝም 😂

ደረቅ_እውነት — ሰኞ፣ ከቀኑ 7፡05

ቃሌን ጠብቄ መጣሁ። ሁላችሁም ስለ ጨዋታው ውበት ነገራችሁን፣ እኔ ደግሞ ስለ ወጥመዱ ልናገር።

እ.ኤ.አ. በ1971 ዴኒስ ሪጋን የሚባል ተመራማሪ ይህን አደረገ። አንተና አንድ ሰው አብራችሁ ተቀምጣችኋል። ሰውየው ወጣ ብሎ ሲመለስ ሳትጠይቀው አንድ ለስላሳ ይዞልህ መጣ። ትንሽ ቆይቶ «የሎተሪ ትኬት እየሸጥኩ ነው፣ ትገዛኛለህ?» ይልሃል። ለስላሳ የተሰጣቸው ካልተሰጣቸው ሁለት እጥፍ ያህል ገዙ። ክፋቱ፣ ለስላሳውን ከተቀበሉት ውስጥ ሰውየውን የጠሉትም ከወደዱት እኩል ነው የገዙት። ፊሊፕ ኩንዝ የሚባል ሌላ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1974 ለማያውቃቸው 600 ያህል ሰዎች የበዓል ካርድ ላከ። ከ100 በላይ ሰዎች መለሱለት። ማን እንደሆነ ሳያውቁት!

ይሉኝታችን እንዲህ ነው። ቁልፉን የነካ ሁሉ ይከፍተዋል። «ነፃ ሙከራ» የሚሉ ነጋዴዎች ያውቁታል። በስጦታ ስም እጅ መንሻ ይዞ የሚመጣ ባለጉዳይም ያውቃል። ጓደኛህ እዳ መቆየትን ጠልቶ ቢሆንስ? አንዴ በውለታ ታስሮ ያየውን አይቶ ቢሆንስ? አልፈርድበትም።

የሁለት_ልጆች_አባት — ሰኞ፣ ከቀኑ 9፡20

ከጉዳዩ ትንሽ ብወጣ ይቅርታ። እኔና ባለቤቴ «ማን ምን ይሠራል» እየተባባልን መጣላት ሲበዛ፣ ማቀዝቀዣው በር ላይ ወረቀት ለጠፍን። ሁለት ዓምድ፣ የሷና የኔ። ያደረግነውን ሁሉ እንጽፋለን። በሦስተኛው ሳምንት እኔ «አምፖል ቀየርኩ» ብዬ ጻፍኩ። ማታ ስመለስ በሷ ዓምድ ምን ተጽፎ አገኘሁ? «አምፖሉ መቃጠሉን ሦስት ጊዜ አስታወስኩ።»

ወረቀቱን ቀደድነው። ኋላ ሳነብ ማይክል ሮስ እና ፊዮሬ ሲኮሊ እ.ኤ.አ. በ1979 ባልና ሚስትን ለየብቻ «የቤቱን ሥራ ስንቱን እጅ ነው የምትሠራው?» ብለው እንደጠየቁ አገኘሁ። የሁለቱ መልስ ሲደመር በአብዛኛው ከመቶ ይበልጣል። ሰው የራሱን ድካም ሲደክም ያየዋል፣ የሌላውን ግን ውጤቱን ብቻ ነው የሚያየው።

ሰማያዊ_ጃንጥላ — ሰኞ፣ ከቀኑ 9፡41

አምፖሉ ገደለኝ። ባለቤትህ ትናገር፣ እውነቷን ነው!

በዚሁ ላይ፦ ፍራንሲስ ፍሊን የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተመው አለ። ውለታ የተደረገለት ሰው ወዲያው ከፍ አድርጎ ያየዋል፣ ጊዜ ሲሄድ እያሳነሰው ይመጣል። ያደረገው ሰው ግን ተቃራኒ ነው፣ በሱ ዓይን ከጊዜ ጋር ያድጋል። ደረቅ_እውነት፣ የተራ ሸፋኙን ታሪክህን ሳነብ ትዝ ያለኝ ይኸ ነው። አንተ ዘንድ ሁለት ዓመት ሆኖ ያደገው፣ እሱ ዘንድ ምናልባት «አንድ ሁለቴ ረድቶኛል» ሆኖ ቀርቷል።

ደረቅ_እውነት — ሰኞ፣ ከቀኑ 9፡58

አንድ ሁለቴ? 41 ሌሊት ነው። ቆጥሬያለሁ። (አዎ፣ መቁጠሬ ራሱ ነገር እንዳለው አሁን ገባኝ።)

ነርሷ — ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡30

ከሥራ መግባቴ ነው፣ ሁሉንም አነበብኩ። እኔ ከአልጋው በዚያኛው በኩል ያለውን ልናገር።

የተኛ ሰውን የሚያሳቅቀው ሕመሙ ብቻ አይደለም። መቀበል ብቻ ሆኖ መቅረቱ ነው። ውሃ ይሰጡታል፣ ያገላብጡታል፣ ያጥቡታል። እሱ ምንም መስጠት አይችልም። አንድ ጊዜ ከወገባቸው በታች የማይንቀሳቀሱ እናት ክፍሌ ነበሩ። በየሰዓቱ «አስቸገርኩሽ» ይሉኛል። አንድ ቀን የጋዋኔ ቁልፍ ተንጠልጥላ አዩ። «ነይ ወዲህ» አሉኝ። ከትራሳቸው ሥር መርፌና ክር አወጡ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ መርፌው ክሩን እስኪያገኝ ብዙ ቆየን። እኔ አጎንብሼ፣ ተራ የሚጠብቁ ሌሎች ታማሚዎች እያሉ፣ አሥር ደቂቃ ያህል ቆምኩ። ሲጨርሱ ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት። ከዚያ ቀን በኋላ «አስቸገርኩሽ» አላሉኝም። ጋዋኑ ነጭ ነው፣ ክሩ ቀይ ነበር። አልፈታሁትም።

ዝናብ ወዳድ፣ እናቱ ሌሊቱን ሙሉ ታሪክ ያወሩልህ ዝም ብለው ይመስልሃል? የነበራቸውን ነው የሰጡህ።

ዝናብ_ወዳድ — ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡52

ነርሷ፣ ይህን አላሰብኩትም ነበር። በእውነት።

ቁጥር_ወዳድ — ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ደስ የማይል ነገር ላክል። አንዴ ዋጋ የወጣለት ነገር ወደ ቀድሞው አልመለስ ሊል ይችላል። ዩሪ ግኒዚ እና አልዶ ሩስቲኪኒ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት በሃይፋ የሚገኙ የሕፃናት ማቆያዎች ልጃቸውን ዘግይተው በሚወስዱ ወላጆች ላይ ቅጣት ጣሉ። የሚዘገየው ሰው ቀነሰ? በእጥፍ ያህል ጨመረ። ቀድሞ መምህሯን ማስቆየት ያሳፍር ነበር፣ አሁን ተከፍሎበታል። ቅጣቱ ሲነሳ ደግሞ መዘግየቱ እዚያው ቀረ። እፍረቱ አልተመለሰም።

ስለዚህ ገንዘቡን ብትቀበለው እፈራለሁ። ብትመልሰውም ጦርነት ነው።

ለማጅ — ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡14

ታዲያ ምን ያድርግ? አልቀበልም ቢል ችግር፣ ቢቀበል ችግር።

ጡረተኛው_መምህር — ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡02

ገንዘቡን ይተወውና ሌላ ውለታ ይጠይቀው።

ቤንጃሚን ፍራንክሊን የሚቃወመው አንድ የምክር ቤት አባል ነበር። ሊያባብለው ስጦታ አልላከለትም። ቤቱ ብርቅ መጽሐፍ እንዳለ ሰምቶ «አውሰኝ» ብሎ ደብዳቤ ጻፈለት። ሰውየው ላከለት። ፍራንክሊን በሳምንት ግድም ከምስጋና ጋር መለሰ። ከዚያ በኋላ ወዳጆች ሆኑ፣ እስከ ዕለተ ሞቱ። ይህን ራሱ ፍራንክሊን ነው የተረከው፣ ትንሽ ራሱን ማወደስ ይወዳል፣ ግን ነገሩ እውነት አለው። ማስቸገር ማለት አምንሃለሁ ማለት ነው። ልጄ፣ አስቸግረው።

ደረቅ_እውነት — ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡09

እንግዲህ ከ41 ሌሊት በኋላ እኔም ሌላ ውለታ ልጠይቅ ነው? አይ መምህር። እርስዎን አከብራለሁ፣ ይህን ግን አልችልም።

ጡረተኛው_መምህር — ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡15

አንተን አላልኩም። ለአንተስ እንዲያውም ቆጠራህ ትክክል ነው። የማይመልስ ሰው አለ።

ዝናብ_ወዳድ — ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡20

ተመለስኩ። ስለጠፋሁ ይቅርታ።

ማክሰኞ ደወልኩለት። መደርደሪያ ልሰቅል ነው፣ ድሪልህን አውሰኝ አልኩት። ስለ ገንዘቡ ትንፍሽ አላልኩም። ዝም አለ፣ ከዚያ «እኔ ራሴ አመጣዋለሁ» አለ። ትናንት መጣ። ወንበር ላይ ወጥቶ ግድግዳውን በእርሳስ ሲለካ፣ ፊቱን ሳያዞር «ተቀይመህ ነበር አይደል?» አለኝ። አዎ አልኩት።

የመለሰልኝን እንዳለ ልጻፈው። «ለሠርግ ብትደክምልኝ ብድር መላሽ ያድርገኝ እልህ ነበር። ለዚህ ምን ልበልህ? ብድርህን ልመልስ ብዬ ብመኝ እኮ ያንተ እናት መታመም አለባት። ሌሊቱን ሙሉ አሰብኩ፣ ሌላ ነገር አልመጣልኝም። ገንዘብ ላክሁ።»

ሰማያዊ ጃንጥላ፣ ክፍት ይተዋል ያልሽው ልክ ነው። ግን ይኸኛው ክፍት ሆኖ ሲቆይ የሚያስፈራ ነበር ለካ። እኔ ከፊቴ የታየኝ ደረሰኝ ነው፣ እሱ ፈርቶ ነው።

ገንዘቡን ልመልስ ስል «እንደሱ አትቀልድ» አለ። ተከራከርን። መጨረሻ ላይ ፑንታውም ስለተሰበረ ከገንዘቡ ላይ አዲስ ፑንታና ብሎን ገዛን። የቀረው አሁንም አለ፣ እንዴት እንደምናደርገው አልወሰንም። እናቱ ሰምተው «ሁለታችሁም ጅል ናችሁ» ብለዋል፣ ቅዳሜ ሁለታችንንም ይፈልጉናል።

ሰማያዊ_ጃንጥላ — ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡33

ይህን ነገር እንዴት አላሰብኩትም! ለቅሶ ቤት ብድር መላሽ ያድርገኝ የሚል ሰው እኮ የለም። ተሸነፍኩ።

ለማጅ — ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡36

መደርደሪያውስ?

ዝናብ_ወዳድ — ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡41

ወደ ግራ ዘንበል ብሏል። ባለቤቴ ሌላ ሰው ጠርተህ አሠራው ትላለች። አይነካም ብያታለሁ።